መልስ የማይሰጠው ብሎክ

በስክራች የሒሳብ ብሎኮች መካከል ሦስት ማወዳደሪያዎች አሉ፤ ያንሳል፣ እኩል ነው፣ ይበልጣል። «ይበልጣል ወይም እኩል ነው» የሚል ግን የለም። ልጆችም መምህራንም ለዓመታት ይህን ብሎክ ሲጠይቁ ኖረዋል። ሦስት ቃላትን በአንዴ የሚያገናኝ ብሎክም ይጠየቃል፤ ያለው ሁለት ብቻ ያገናኛልና። ርቢ የሚያሰላ ብሎክ ይጠየቃል። ከጽሑፍ መሀል ቃል ቆርጦ የሚያወጣ ብሎክ ይጠየቃል፤ ያለው በአንድ ጊዜ አንድ ፊደል ብቻ ነው የሚያወጣው። ጥያቄው ማለቂያ የለውም። መልሱም ሁልጊዜ ያው ነው፤ ስክራች የልጆች ነው፣ አይብዛበት፣ ባለበት ይርጋ።

ይህ መልስ ልጆችን ፕሮግራም በሚያስተምሩ ሰዎች ዘንድ ደንብ ሆኗል ማለት ይቻላል። ብሎክ ሲበዛ ልጅ ይደናገራል፣ ሲያንስ ይገባዋል ይባላል። ደግ ሐሳብ ነው፤ ግማሹም እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ከልጁ ላይ ሸክም አወረድኩ እያለ ሌላ፣ የባሰ ሸክም የሚጭን ነው። ጉዳቱም በብሎኮች ቁጥር ላይ አይደለም። የጎደለው አንድ የብሎክ ዓይነት ነው፤ ልጁ ራሱ ሠርቶት፣ አስልቶ መልስ የሚሰጥ ብሎክ።

ነገሩን በቅርብ ለማያውቅ አንባቢ፣ ስክራች በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤምአይቲ) ሚዲያ ላብ፣ ሚቸል ሬዝኒክ የሚመሩት ቡድን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ያቀረበው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። በዋናነት የታሰበው ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ልጁ ኮድ አይጽፍም፤ ባለቀለም ብሎኮችን በማውዝ እየጎተተ ያገጣጥማል። ቅርጹ ራሱ ሰዋስው ነው። ከላዩ እንደ ባርኔጣ ጎበጥ ያለው ብሎክ «አረንጓዴው ባንዲራ ሲነካ» ብሎ ሥራ ያስጀምራል። ከላይ ጎድጎድ፣ ከታች ጉጥ ያለው ትእዛዝ ይሰጣል። እንደ ላቲኑ ሲ አፍ ያለው ሌሎችን በውስጡ ይዞ ይደጋግማል ወይም ሁኔታ ይመረምራል። ጫፉ የዞረው ቁጥር ወይም ጽሑፍ ይመልሳል፤ ጫፉ የሾለው እውነት ወይም ሐሰት ይላል። በሾለው ክፍተት ውስጥ የዞረው አይገባም። ስለዚህ ልጁ ነጠላ ሰረዝ ረስቶ ፕሮግራሙ አልነሳ አይለውም፤ በሌሎች ቋንቋዎች ጀማሪን የሚያስለቅሰው የስህተት መልእክት እዚህ የለም። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ሊመሰገንም ይገባዋል።

የ«አይብዛበት» ወገን ክርክርም ባዶ አይደለም። የስክራች ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ ቋንቋው ባሳተሙት ጥናታዊ ጽሑፍ የትእዛዞችን ብዛት ማሳነስን ከንድፍ መርሆቻቸው አንዱ አድርገው አስቀምጠዋል። ምክንያቱ ይገባል። በማያ ገጹ ግራ በኩል ያለው የብሎክ ዝርዝር ለልጁ ካርታ ነው፤ ሊሠራ የሚችለውን ሁሉ በዓይኑ የሚያየው እዚያ ነው። በመደበኛው ስክራች ውስጥ አሁንም ከመቶ በላይ ብሎኮች አሉ። አንድ ብሎክ ሲጨመር አንድ ተጨማሪ የሚታለፍ ነገር ይመጣል። እያንዳንዱ ብሎክ ስክራች በሚሠራባቸው ከ70 በላይ ቋንቋዎች መተርጎም አለበት። አንዴ ከገባም አይወጣም፤ እሱን ተጠቅመው የተሠሩ ፕሮጀክቶች እንዳይበላሹ ለዘለዓለም ተሸክመውት መኖር ግድ ነው። ሠሪዎቹ ስክራች 3.0ን እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ሲያወጡ የእስክሪብቶና የሙዚቃ ብሎኮችን ከዋናው ዝርዝር አንስተው ወደ ማስፋፊያ ክፍል የወሰዱትም ዝርዝሩ እንዲቀልል ነው።

እዚህ ድረስ ማንም ይስማማል። ስህተቱ የሚጀምረው ይህን መርህ ከብሎኮች ብዛት አልፎ በብሎክ ዓይነቶች ላይ ሲያውሉት ነው።

ታሪኩን ወደ ኋላ ሄዶ ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2013 ድረስ ስክራች ውስጥ ልጅ የራሱን ብሎክ መሥራት ጭራሽ አይችልም ነበር። ያኔም ምክንያቱ ያው ይባል ነበር፤ ለጀማሪ ይከብዳል። ልጆቹ ግን አላረፉም። አንድን ሥራ ከብዙ ቦታ ለመጥራት ሲፈልጉ «መልእክት አሰራጭና ጠብቅ» የሚለውን ብሎክ ለዚህ ዓላማ ማዋል ጀመሩ። መልእክት ማሰራጫው የተሠራው ስፕራይቶች፣ ማለትም ማያ ገጹ ላይ ያሉት ገጸ ባሕርያት፣ እርስ በርስ እንዲነጋገሩ ነበር፤ የፕሮሲጀር (በስሙ የሚጠራ የራስ ሥራ) ምትክ ሆኖ ሲያገለግል ግን የትኛው መልእክት ማንን እንደሚያስነሳ የሚያውቅ ጠፋ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2013 ስክራች 2.0 ወጣ፤ «ብሎክ ሥራ» የሚል ቁልፍም ይዞ መጣ። የሰማይ ስባሪ አልወረደም። ልጆች አልሸሹም። ዛሬ ያለዚያ ቁልፍ ስክራችን የሚያስብ የለም፤ ከባድ ነው ተብሎ ስድስት ዓመት የተከለከለው ነገር አሁን በማስተማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ተራ ምዕራፍ ነው።

ያ ቁልፍ የሚሠራው ግን አንድ ቅርጽ ብቻ ነው። ልጁ የሚፈጥረው ብሎክ ሁልጊዜ ትእዛዝ ነው። ቁጥር ይቀበላል፣ ጽሑፍ ይቀበላል፣ እውነትና ሐሰትም ይቀበላል። ይሠራል፣ ይጨርሳል። የሠራውን ውጤት ለጠራው አካል መልሶ የሚሰጥበት መንገድ የለውም። ልጅን ሱቅ ልኮ ስኳሩን ጎረቤት ቤት አስቀምጦ ባዶ እጁን እንዲመለስ እንደማድረግ ነው።

በአንድ ትንሽ ሥራ ላይ እንየው። ርቢ የሚያሰላ ብሎክ ስክራች ውስጥ የለም፤ ያሉት በሒሳብ ምርጫው ውስጥ የተሰገሰጉት የኢ እና የ10 ርቢዎች ናቸው። አንዲት የ12 ዓመት ተማሪ «ርቢ» የሚል ብሎክ ልትሠራ ተነሣች እንበል። ሁለት ግብዓት ትሰጠዋለች፤ መሠረቱንና ርቢውን። «ውጤት» የሚል ቫሪያብል፣ ማለትም የዋጋ መያዣ፣ ትፈጥራለች። ብሎኩ ውጤትን 1 ያደርጋል፣ ከዚያ ርቢው የሚለውን ያህል ጊዜ ውጤትን በመሠረቱ ያባዛል። ጥሩ ሥራ ነው፤ ስለ ድግግሞሽ የተማረችውን በትክክል ተጠቅማለች። አሁን የ2ን ሦስተኛ ርቢ ከ3 ሁለተኛ ርቢ ጋር መደመር ትፈልጋለች። መልሱ 8 ሲደመር 9፣ 17 ነው።

እጇ በተፈጥሮ የሚሄደው ወደ መደመሪያው ብሎክ ነው። በግራው ክፍተት አንዱን «ርቢ»፣ በቀኙ ሌላውን ልትከት ትጎትታለች። አይገባም። የሠራችው ብሎክ ጫፉ የዞረ አይደለም፤ ጉጥ ያለው ነው። ስለዚህ ርቢን በ2 እና በ3 ትጠራለች፣ ከዚያ በ3 እና በ2 ትጠራለች፣ ከዚያ «ውጤት ሲደመር ውጤት» ትላለች። የስክራች ድመት ማያ ገጹ ላይ ቆማ «18» ትላለች። ሁለተኛው ጥሪ የመጀመሪያውን መልስ ደምስሶታልና 9 ከ9 ጋር ተደመረ። ማረሚያው ከሁለቱ ጥሪዎች መካከል ሌላ ቫሪያብል ፈጥሮ 8ን እዚያ መደበቅ ነው። አንድ መስመር የነበረው ሐሳብ አራት መስመርና ሁለት ቫሪያብል ሆነ። ስህተቱም ከሒሳቡ ጋር ምንም አይገናኝም፤ ልጅቷ ሒሳቡን ታውቀዋለች።

ይህ ነው እንግዲህ «ቀላል» የተባለው መንገድ። ውጤት የሚመልስ ብሎክ ከባድ ነው ተብሎ ሲከለከል፣ በምትኩ የተሰጣት የጋራ ቫሪያብልን በእጅ ማስተዳደር ነው። ጎልማሳ ፕሮግራመሮች እንኳ ከጋራ ቫሪያብል እንዲርቁ በየመማሪያው ይመከራሉ። ስክራች ለብሎክ ብቻ የሚሆን፣ ብሎኩ ሲያበቃ የሚጠፋ ቫሪያብል የለውም፤ ስለዚህ «ውጤት» ሁሉም ስክሪፕት (የተገጣጠመ የብሎኮች ሰንሰለት) የሚነካው ዕቃ ሆኖ ይቀመጣል።

ከድጡ ወደ ማጡ የሚሆነው ደግሞ ሁለት ስክሪፕቶች በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ነው። በስክራች ይህ የተለመደ ነው፤ ባንዲራው ሲነካ ሁለት ሦስት ስክሪፕት አብሮ ይነሣል፣ ይህም ከቋንቋው ውበቶች አንዱ ነው። ስክራች ከአንዱ የድግግሞሽ ዙር ወደ ሌላው ሲያልፍ ለሌሎቹ ስክሪፕቶች ተራ ይሰጣል። አንዱ ስክሪፕት 2ን እያባዛ ሳለ ሌላው «ርቢ»ን ለ3 ቢጠራ፣ ሁለቱም ያንኑ «ውጤት» እየተቀባበሉ ያባዙታል። የሚወጣው 8ም 9ም አይደለም። የለመደ ሰው ብሎኩን ሲሠራ «ማያ ገጽ ሳይታደስ አስኬድ» የምትለውን ሳጥን ምልክት አድርጎ ያመልጣል። የ12 ዓመቷ ልጅ ግን ያቺ ሳጥን ከመደመር ስህተት ጋር ምን እንደሚያገናኛት በምን ታውቃለች? ልጅን ከድንጋሬ ለማዳን የተባለው ክልከላ፣ ጎልማሳ ባለሙያ ሌሊቱን የሚያድርበትን ዓይነት ስህተት ነው ያስታቀፋት።

ራሱን የሚጠራ ብሎክ፣ ሪከርሽን የሚባለውስ? ስክራች ይፈቅዳል፤ ዛፍ የሚስል፣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የሚያወጣ ብሎክ መሥራት ይቻላል፣ ያምራልም። ራሱን ሁለት ጊዜ ጠርቶ ሁለቱን መልሶች የሚደምር ብሎክ ግን፣ ለምሳሌ የፊቦናቺን ቁጥሮች የሚያሰላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዝርዝር ፈጥሮ መልሶቹን በላይ በላይ እየከመሩ ማንሳትን ይጠይቃል። ይህ በዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ ትምህርት ነው። ልጅ ይህን ካልቻለ «ሪከርሽን ለልጅ ይከብዳል» ይባላል።

ወደ አማርኛ አንባቢ የሚቀርብ ሌላ ምሳሌ አለ፤ ባሕረ ሐሳብ። የአጽዋማትና የበዓላት ማውጫው ሙሉ በሙሉ አንዱ የሌላውን መልስ የሚቀበልበት ሰንሰለት ነው። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለም ይወጣል። ዓመተ ዓለሙ ለ19 ሲካፈል ቀሪው መደብ ነው። ከመደቡ አንድ ሲቀነስ ወንበር ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል ቀሪው አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል ቀሪው መጥቅዕ ነው። የ2016 ዓ.ም.ን ብንወስድ ዓመተ ዓለሙ 7516፣ መደቡ 11፣ ወንበሩ 10፣ አበቅቴው 20፣ መጥቅዑ 10 ነው። መጥቅዑ ከ14 ስለሚያንስ በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት 10 ይውላል፤ ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፣ የቅዳሜ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የተወሰነው ተደማሪ ቁጥር፣ ደግሞ 8 ነው። 10 እና 8 ተደምረው መባጃ ሐመር 18 ይሆናል፤ የነነዌ ጾምም የካቲት 18 ገባ። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲጨመርበት 27 ይመጣል፤ በዚያ ዓመት ትንሣኤ ሚያዝያ 27 ነበር።

የአብነት ተማሪ ይህን በቃሉ ይወጣዋል። «የ2016 ወንበር ስንት ነው?» ሲሉት «10» ይላል፤ መልሱን ተቀብለው ወደ አበቅቴ ይሄዳሉ። ለአንድ ዓመት ብቻ ከሆነ ስክራችም ላይ በቫሪያብል ይታለፋል። ልጁ ግን ደስ ሲለው «ከ2010 እስከ 2020 ባለው ጊዜ ትንሣኤ የሚዘገየው መቼ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሁለት ዓመታትን ማወዳደር ይፈልጋል። «የዚህ ዓመት ነነዌ» እና «የዚያ ዓመት ነነዌ» በአንድ ማወዳደሪያ ግራና ቀኝ መግባት አለባቸው። አይገቡም። በቃል የሚተላለፍ ትምህርት ሳይቸገር የሚያደርገውን ነገር፣ ለልጆች ታስቦ የተሠራ ቋንቋ ከልክሎታል።

«ውጤት የሚመልስ ብሎክ ለልጅ ረቂቅ ነው» የሚለው ዋናው መከራከሪያ ደግሞ ስክራችን ከፍቶ ላየ ሰው አይቆምም። ልጆች በመጀመሪያው ሰዓት ከሚነኳቸው ብሎኮች አንዱ «ከ1 እስከ 10 በዘፈቀደ ምረጥ» ነው። ጫፉ የዞረ ነው፤ ጎትተው «ተራመድ» በሚለው ክፍተት ውስጥ ይከቱታል፣ ድመቷ አንዴ ሦስት አንዴ ሰባት እርምጃ ትሄዳለች። የርቀት ብሎክ አለ፣ የ«መልስ» ብሎክ አለ፣ የጽሑፍን ርዝመት የሚናገር አለ። የስምንት ዓመት ልጅ እነዚህን ያለ ማብራሪያ ይጠቀማል። ለብሎክ ግብዓት መስጠትንም እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ይችላል። የሚቀረው በብሎኩ ሆድ ውስጥ መጨረሻ ላይ የምትቀመጥ አንዲት «መልስ ስጥ» የምትል ብሎክ ናት። ሲጠቀሙበት የገባቸው ነገር ሲሠሩት የማይገባቸው የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

የስክራች ዘር ማንዘርም ይህን ክልከላ አያውቀውም። እ.ኤ.አ. በ1967 ዋሊ ፈርዘይግ፣ ሲሞር ፓፐርትና ሲንቲያ ሰለሞን የሠሩት ሎጎ ለልጆች የተሠራ ቋንቋ ነበር፤ በሎጎ ልጅ የጻፈው ፕሮሲጀር «አውትፑት» በምትል ትእዛዝ መልሱን ለጠራው ይመልስ ነበር። ለትምህርት የሚሆን ቋንቋ ዝቅ ያለ ወለልና ከፍ ያለ ጣሪያ ይኑረው የሚለው ሐሳብ ከፓፐርት የተወረሰ ነው። ሬዝኒክ ሰፊ ግድግዳ ጨመሩበት፤ ብዙ ዓይነት ልጅ ብዙ ዓይነት ነገር እንዲሠራ። ወለሉም ግድግዳውም በስክራች ያማረ ሆኗል። ጣሪያውን ግን ፓፐርት ካቆሙት ዝቅ አድርገውታል።

ይበልጥ የሚገርመው የመሠረቱ ጉዳይ ነው። የስክራች 3.0 ብሎኮች የተሠሩት ብሎክሊ በተባለው የጉግል የብሎክ መሥሪያ ላይ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች አብረው እንደሚሠሩ ያስታወቁት እ.ኤ.አ. በ2016 ነበር። ብሎክሊ በፈንክሽን ክፍሉ ውስጥ ሁለት ዓይነት አለው፤ ሠርቶ የሚያበቃና ሠርቶ መልስ የሚሰጥ። በጉግል ተጀምሮ ወደ ኤምአይቲ የሄደው፣ ለስልክ አፕ መሥሪያ የሆነው አፕ ኢንቬንተርም ሁለቱንም ይዟል። ማለትም ስክራች ከቆመበት መሠረት ላይ ያለ፣ እዚያው ኤምአይቲ ግቢ ውስጥም ተማሪዎች የሚጠቀሙበት ነገር ነው ለስክራች ልጆች የሚከብደው።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን ስናፕ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ የነበሩት ብራያን ሃርቪ፣ ለረጅም ዓመታት ሎጎን ያስተማሩና ስለ ሎጎ መጻሕፍት የጻፉ ሰው፣ ከጀርመናዊው የንስ ሞኒግ ጋር ሆነው የስክራችን ኮድ ወስደው «የራስህን ብሎክ ሥራ» የሚል ስም የሰጡትን ቋንቋ ሠሩ፤ ይህም ስክራች 2.0 ከመምጣቱ በፊት ነው። በኋላ እንደ አዲስ ጽፈው ስናፕ አሉት። በስናፕ ልጁ ብሎክ ልሥራ ሲል የሚከፈተው መስኮት ሦስት ቅርጾችን ያሳየዋል፤ ጉጥ ያለውን፣ የዞረውን፣ የሾለውን። አንዱን ይነካል። በቃ። ከዞረውና ከሾለው አንዱን ከመረጠ በብሎኩ ሆድ ውስጥ «መልስ ስጥ» የምትል ብሎክ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች። የጽንሰ ሐሳቡ ክብደት ሁሉ ይኸው ነው። «ርቢ 2፣ 3 ሲደመር ርቢ 3፣ 2» አንድ መስመር ላይ ያርፋል፣ 17ም ይወጣል። ከስክራች 3.0 ተነሥቶ በሌሎች እጅ የተሻሻለው ተርቦዋርፕም ይህንኑ አክሏል።

የክልከላው ወገን ይህን ሲሰማ አዲስ ምሽግ ይይዛል፤ «እንግዲያው ያደገ ልጅ ወደ ስናፕ ወይም በጽሑፍ ወደሚሠራው ፓይተን ይሂድ፤ ስክራች መጀመሪያ ነው እንጂ መድረሻ አይደለም» ይላል። መልካም ይመስላል። ግን ልጁ ጣሪያ የነካው ገና ሁለት ርቢዎችን ሊደምር ሲል ነው፤ ይህ የማደግ ምልክት ከሆነ ስክራች የሚያገለግለው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የሠራቸው ጨዋታዎችና የሚያያቸው የጓደኞቹ ፕሮጀክቶች ሁሉ ስክራች ላይ ናቸው። ሦስተኛው ደግሞ አማርኛ ተናጋሪውን በቀጥታ ይነካዋል። በስክራች የቋንቋ ምርጫ ውስጥ አማርኛ አለ። አዲስ አበባም ይሁን ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለ ልጅ ብሎኮቹን በፊደሉ እያነበበ መሥራት ይችላል፤ ኢንተርኔት ሳይኖርም ኮምፒውተር ላይ ጭኖ ይጠቀምበታል። የፓይተን ቃላት ሁሉ ግን እንግሊዝኛ ናቸው። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪው ልጅ አንድ እርከን መውጣት የሆነው ነገር፣ ለደብረ ማርቆሱ ልጅ ፕሮግራሙንም ቋንቋውንም በአንዴ መቀየር ነው። አንዲት ሒሳብ መልስ እንድትሰጥ ብሎ አገር ይቀይር ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሌላው የሚቀርበው መፍትሔ ማስፋፊያ ነው፤ «አዲስ ብሎክ የሚፈልግ ማስፋፊያ ይሥራ»። ማስፋፊያ የሚጻፈው በጃቫስክሪፕት ነው፣ በዋናው ስክራች የሚከፈቱትም የተመረጡት ብቻ ናቸው። ይህ ለሌጎና ለማይክሮቢት መሣሪያ አምራቾች ይጠቅማል። ልጁን ግን ሌሎች የሠሩለትን ብሎክ የሚጠብቅ ደንበኛ አድርጎ ያስቀረዋል፤ ሬዝኒክ ራሳቸው በመጻሕፍታቸውና በንግግራቸው ልጆች ፈጣሪ ይሁኑ እያሉ ሲሰብኩ ከኖሩት ጋርም አይሄድም።

እውነት ለመናገር፣ ብሎክ ጠያቂዎቹም ትችት ይገባቸዋል። አንዱ «ይበልጣል ወይም እኩል» ይላል፣ ሌላው ርቢ፣ ሌላው ሦስት ቃል ማገናኛ፤ እያንዳንዱ የራሱን ብሎክ ይዞ ይሰለፋል። ሁሉም ቢሟላ የስክራች ዝርዝር በእርግጥ የትም የማያደርስ ረጅም ገመድ ይሆን ነበር፤ እዚህ ላይ እምቢ ያሉት ሠሪዎች ልክ ናቸው። ሁለቱም ወገኖች የማያስተውሉት ግን ይህ ሁሉ ጥያቄ አንድ ጥያቄ መሆኑን ነው። ጫፉ የሾለ ብሎክ መሥራት የተፈቀደለት ልጅ «ያንሳል»ን «አይደለም» በሚለው ውስጥ ከትቶ የራሱን «ይበልጣል ወይም እኩል» በሁለት ደቂቃ ይሠራዋል፤ ከዚያ በኋላ በፈለገው ቦታ ይከተዋል። ርቢውም፣ ሦስት ቃል ማገናኛውም፣ ቃል ቆራጩም እንዲሁ። ስለዚህ ዝርዝሩ አጭር እንዲሆን ከልቡ የሚመኝ ሰው ከማንም በፊት ለዚህ አንድ ዓይነት መከራከር ነበረበት። ሠላሳ ብሎክ ላለመጨመር አንዱን ዓይነት መፍቀድ ይበቃ ነበር።

ይህ ማለት የታሰበው ዓይነት ሁሉ ይግባ ማለት አይደለም። ስናፕ ልጁ ራሱ እንደ ሲ አፍ ያለው ብሎክ እንዲሠራም ይፈቅዳል፤ «ለእያንዳንዱ» ወይም «እስኪሆን ድረስ» የሚሉ የራስ መቆጣጠሪያዎችን። ይህ የሚቻለው ስክሪፕት ራሱ እንደ ቁጥርና ጽሑፍ የሚተላለፍ ዋጋ ሲሆን ነው። ኃይለኛ ሐሳብ ነው፤ ስናፕን በዩኒቨርሲቲ ለሚሰጥ ኮርስ ያበቃውም እሱ ነው። ግን እዚህ ላይ «ለልጅ ይከብዳል» የሚለው ክርክር እግር አለው፤ ስክራች ይህን ቢተወው የሚቀርበት ትንሽ ነው። ልዩነቱ ግልጽ ነው። የሲው ቅርጽ አዲስ ሐሳብ ያመጣል። የዞረውና የሾለው ግን ልጁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእጁ የያዛቸው ናቸው።

መልስ የሚሰጠው ብሎክ «ጠብቅ» የሚል ትእዛዝ ቢኖርበት፣ ወይም ጭራሽ «መልስ ስጥ» ላይ ሳይደርስ ቢያበቃስ? ሁለቱም መታሰብ ያለባቸው ጥያቄዎች ናቸው። መልስ ካልሰጠ ባዶ ይመልሳል፤ ስክራች ባዶ ቫሪያብልን በሒሳብ ውስጥ ሲያገኝ አሁንም እንደ ዜሮ እየቆጠረ ያልፋል እንጂ አይቆምም። «ጠብቅ» ካለበት ስክሪፕቱ ይጠብቃል። ስናፕ ሁለቱንም ዓመታት ኖሮባቸዋል።

የሚያስፈልገው ለውጥ እንግዲህ ይህን ያህል ነው። «ብሎክ ሥራ» ሲባል በሚከፈተው መስኮት ላይ ሁለት ቅርጾች ይጨመሩ፤ የዞረውና የሾለው። በዝርዝሩ ላይ «መልስ ስጥ» የምትል አንዲት ብሎክ ትግባ፤ እሷም የራሱን ብሎክ ለሠራ ልጅ ብቻ ትታይ። እስከ ዛሬ የተሠሩት ፕሮጀክቶች አንዳቸውም አይነኩም፤ አሮጌው ቅርጽ እንዳለ ይቀመጣልና። የሚተረጎመው አንድ ሐረግ ነው።

እስካሁን ማስረጃ አምጡ ሲባሉ የኖሩት ጠያቂዎቹ ናቸው። ሎጎ፣ ብሎክሊ፣ አፕ ኢንቬንተርና ስናፕ ሠርተው ካሳዩ በኋላ ግን ማስረጃ የሚጠበቀው ከከልካዩ ነው። እስከዚያው መምህራን በዚህ ነገር ዝም አይበሉ። ልጅ የሠራውን ብሎክ ጎትቶ ክፍተት ውስጥ አልገባ ሲለው «ይህ ገና አልደረሰብህም» አይበሉት። ስናፕ በነፃ ይገኛል፣ በማንኛውም የኢንተርኔት ማሰሻ ይከፈታል፤ ያንኑ ብሎክ እዚያ እንዲሠራው ያሳዩት፣ ከዚያም ያዩትን ለስክራች ሠሪዎች ይጻፉላቸው።